ጥፋተኛ የሌለበት ሕመም

የሰው ልጅ መከራ ሲደርስበት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ላድርግ?» ብሎ ሳይሆን «የማን ጥፋት ነው?» ብሎ ነው። ማሰሮ ሲሰበር የሰባሪው ስም ይፈለጋል፤ ከብት ሲሞት የጎረቤት ዓይን ይጠረጠራል። ይህ ልማድ በትንሹ ነገር ላይ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ማሰሮው እንደ ሆነ ተሰብሯል። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ውሃ አልጠግብ ብሎ፣ ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ ሰንብቶ፣ ከስቶ፣ በመጨረሻም ተዝለፍልፎ ሐኪም ቤት ሲገባና «ስኳር ነው» ተብሎ ሲነገር፣ ያው ልማድ አብሮ ገብቶ ከአልጋው ጎን ይቀመጣል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ጥፋተኛ በሌለበት ሕመም ጥፋተኛ መፈለግ ቤተሰብን ምን ያደርገዋል? ጥፋተኛ ከሌለስ ኀላፊነት የሚባል ነገር ይቀራልን?

ከመካከላችን እንዲህ ያለ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት ያላቸው አሉ፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የምንጽፈውም ለሐኪም ሳይሆን በዚያ ቤት ውስጥ ለሚኖሩትና በዚያ ቤት ደጃፍ ለሚያልፉት ነው።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። በልጆች ላይ የሚታየው ስኳር በአብዛኛው አንደኛው ዓይነት የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ ኀይል ጠላት ያገኘ መስሎት በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ኢንሱሊን ከሌለ ደግሞ ከምግብ የተገኘው ስኳር በደም ውስጥ ይዞራል እንጂ ወደ ሰውነት ክፍሎች ገብቶ ጉልበት አይሆንም፤ ሰውነት በጥጋብ መካከል ይራባል። ይህን ከረሜላ መብላት አያመጣውም። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ማር ስለ ላሰች አይመጣም። እርግማንም የሰው ዓይንም አያመጡትም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለው፤ ሆኖም ከሚታመሙት ልጆች የሚበዙት በቅርብ ቤተሰባቸው ውስጥ በዚህ ዓይነቱ ስኳር የታመመ ሰው የላቸውም። ወላጅ በቤቱ ሊያደርገው ይችል የነበረና ሕመሙን የሚያስቀር ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ በሐኪም ቤት ይነገራል። ነገር ግን ወላጆች ቤት ሲደርሱ በሐኪሙ ቃል ላይ ሌላ ቃል ይደረብበታል። አያት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ አልነበረም» ይላሉ፤ የተናገሩት ስለ ራሳቸው ዘር ቢመስልም ያቆሰሉት ምራታቸውን ነው። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤት ደግሞ «አንቺ ሻዩ ላይ ስኳር ታበዥለት ነበር፤ ብዬሽም ነበር» ይላሉ። አንዷ ስለ ምች፣ ሌላዋ ስለ ቡዳ ታነሣለች። እናትየዋ ለሁሉም ቡና ትቀዳለች፤ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ግን የዘጠኝ ወር እርግዝናዋን ቀን በቀን እየቆጠረች ታድራለች።

እንዲህ የሚሉት ሁሉ ክፉዎች ናቸውን? አይመስለንም። ጎረቤቲቱም ልጆች አሏት። የዚያች እናት ጥፋት ከተገኘ፣ ያንን ጥፋት ያላጠፋች ሴት ልጆቿ ይድናሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ በሌላዋ ላይ የምትፈርደው በራሷ ደጅ ላይ አጥር ለማጠር ነው። የእናትየዋ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው። «እኔ ነኝ ያመጣሁበት» የምትል እናት በአንድ በኩል እየተሠቃየች በሌላ በኩል መጠጊያ አግኝታለች፤ ምክንያቱም በደለኛ መሆን ምንም ማድረግ የማይችል ከመሆን ይቀላል። በደለኛ ንስሐ ሊገባ ይችላል፤ ካሣም ሊከፍል ይችላል። ምንም ያላጠፋና ምንም ሊያስቀር ያልቻለ ሰው ግን ከኀዘኑ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ያነሡት ጥያቄ ይኸው የጎረቤቶቹ ጥያቄ ነበረ፤ የተሰጣቸውም መልስ እርሱንም ወላጆቹንም ነጻ የሚያደርግ ነበረ። በየቡናው ላይ የሚደገመው ግን ጥያቄው ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ክሱ ቀስ በቀስ ከእናት ላይ ተነሥቶ ወደ ልጁ ይዞራል፤ የሚዞረውም በመለኪያው ምክንያት ነው። ልጁ ጣቱን ይወጋል፤ ጠብታ ደም በስትሪፑ ላይ ያደርጋል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ቁጥር ይወጣል። ሐኪሞች በአብዛኛው በ70 እና በ180 መካከል እንዲሆን ይመክራሉ። 310 ወጣ እንበል። እናት ከንፈሯን ትመጣለች፤ አባት ከወንበሩ ቀና ይላል፤ ታላቅ ወንድም «ምን በላህ?» ይላል። «እንዴት ነህ?» ያለው ማንም የለም። ልጁ መለኪያውን ማየት አያስፈልገውም፤ ፊታቸው ይነግረዋል። (በአማርኛችን በጣም የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። የታመመው የልጁ ቆሽት ሆኖ ሳለ የሚያርረው የቤተሰቡ መሆኑ የሚያስገርም ነው።)

ለመሆኑ ያ 310 ከየት መጣ? ተደብቆ የበላው ነገር ይኖር ይሆናል፤ ይህ አይደረግም አንልም። ነገር ግን ጉንፋን ሲይዘው ስኳሩ ይወጣል። ፈተና ሲደርስበትና ሲጨነቅ ይወጣል። በጉርምስና ጊዜ ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያደክሙት ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃም። መርፌው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከተወጋ ሥጋው ይደድርና መድኃኒቱ በደንብ አይሰርግም። ኢንሱሊኑ ሙቀት አግኝቶት ኀይሉን አጥቶም ይሆናል። የአንዱ እንጀራ ስፋትና ውፍረት ከሌላው ስለሚለያይ የእናቱ ግምት ጥቂት ስቶ ይሆናል። ብርቱካን ልጦ ጣቱን ሳይታጠብ ለክቶ ቢሆንስ? እንግዲህ ቁጥሩ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ዳኛ ያደረጉት የቤቱ ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ ስትሪፑ የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ብዙ ቤት ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚወስነው ሐኪሙ ሳይሆን ኪሱ ነው። በውድ የተገዛ ቁጥር መጥፎ ሆኖ ሲወጣ ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል። ይህን ያላየ ሰው በእነዚያ ወላጆች ላይ ቶሎ አይፍረድ።

ልጅ ደግሞ ብልህ ነው፤ የቤቱን ሰላም እንዴት እንደሚጠብቅ ቶሎ ይማራል። 310 ያየውን በደብተሩ ላይ 140 ብሎ ይጽፋል። ያን ቀን ማንም ከንፈሩን አይመጥም፤ እራትም በሳቅ ይበላል። በክትትሉ ቀን ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ የኢንሱሊኑን መጠን እንዳለ ይተወዋል። ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብን እያቃጠለ ኬቶን የሚባል አሲድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ከባድና ፈጣን አተነፋፈስ ይከተላል፤ በጊዜው ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲነበብ በቤት ውስጥ የሚታየው ፊት የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በፍርሃት የተቆጣው ቤተሰብ የፈራውን ነገር ራሱ ያቀርበዋል።

ይህ ነገር የዛሬ ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በአሜሪካ ፍሬድሪክ አለን የሚባሉ ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ፤ ሕክምናቸውም ረሃብ ነበረ። ሕሙማኑን በጣም ጥቂት እያበሉ ወራት ወይም አንድ ሁለት ዓመት ዕድሜ ይጨምሩላቸው ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ነገር በዓለም ላይ አልነበረምና። ጽፈው ካቆዩት ውስጥ ስለ አንድ ዐይነ ስውር የ12 ዓመት ልጅ የሚናገር ታሪክ አለ። ልጁ በሆስፒታል ተጠብቆ ሳለ በሽንቱ ውስጥ ስኳር መታየቱን አላቆመም፤ ሲጠየቅ ይክዳል። በመጨረሻ ሲናዘዝ ለካ የጥርስ ሳሙናውን ይበላ ኖሯል፤ ለማጫወቻ ጠይቆ የተሰጠችው የካናሪ ወፍ ጥሬም ይበላ ኖሯል። በዚያን ጊዜ የተመረመረው የልጁ አለመታዘዝ ነበረ። ዛሬ ስናነበው የሚታየን የተራበ ሕፃን ነው። በእኛ ዘመን ደብተሩ ላይ 140 ብሎ የጻፈውን ልጅስ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነቡት ሰዎች ምን ይሉት ይሆን?

እንግዲህ «ጥፋተኛ የለም» ካልን ልጁ እንዳሻው ይሁን ማለታችን ነውን? ይህን የሚጠይቁ አባቶች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ቀላል አይደለም። «ዛሬ እኔ ካልተቆጣሁት ነገ የሚቀጣው በዐይኑና በኩላሊቱ ነው» ይላሉ። ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ዐይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን መጉዳቱ እውነት ነው። መልሳችን ግን ጥፋትና ኀላፊነት አንድ አይደሉም የሚል ነው። በረዶ ቡቃያውን የመታበት ገበሬ በረዶውን አላመጣም፤ ዳግመኛ መዝራት ግን የእርሱ ነው። «ማን አመጣው?» ብሎ ሰማዩን ሲመለከት የሚውል ከሆነ የመዝሪያው ጊዜ ያልፍበታል። በዚህ ቤት ዳግመኛ መዝራት ማለት መርፌ ማለት ነው፤ በቀን አራት ጊዜ የሚወጋ ልጅ በዓመት 1,460 ጊዜ ይወጋል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ቢሆን እንኳ 730 ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠር ደግሞ እናት ኢንሱሊኑን ውሃ እንዳያገኘው አድርጋ ሸክላ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ሸክላውንም ጥላ ሥር አኑራ ከውጭ ታረጥበዋለች፤ ውሃው ሲተን ሸክላው ይቀዘቅዛልና። ይህን ዓመት ከዓመት የሚያደርግ ቤት ቁጣ ስላነሰው ሰነፈ አይባልም።

አንዳንድ ወላጅ ደግሞ ቁጣው ሲያደክመው ተቃራኒውን ያደርጋል። «ትልቅ ሰው ሆነሃል፤ ሕመሙ ያንተ ነው» ብሎ መርፌውንም መለኪያውንም ለ11 ዓመት ልጅ ያስረክባል። ልጁ መርፌ መውጋት መቻሉ ሸክሙን ብቻውን መሸከም መቻሉ አይደለም። አንድ ልጅ ፊደል ስለ ቆጠረ ብቻ የቤቱን ውል እንዲፈርም አይደረግም። በቁጣ መያዝና ጨርሶ መተው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ልጁን ከነቁጥሩ ለብቻው ያስቀሩታል።

አንድ የሚያከራክር ነገር እናንሣ። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ይርበዋል። አንዳንዱ ግን ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ የሰጡትን ይወረውራል፤ አንጎል የሚሠራው በስኳር ነውና። እንግዲህ በዚያ ሰዓት እናቱን የሰደበ ልጅ በድሏልን? በዚህ ላይ ስንወያይ አልተስማማንም። አንዳንዶቻችን «አፉ ተናገረ እንጂ እርሱ አልተናገረም» አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «ቢያንስ ኋላ ይቅርታ መጠየቅን ይልመድ፤ ሰካራምም እንዲሁ ይላል» አልን። ይህ የሰካራም ነገር ትክክል አይመስለንም፤ ሰካራም ጽዋውን ራሱ አንሥቷል። በአንድ ነገር ግን ሁላችን ተስማማን፤ አስቀድሞ ይለካ። ዝቅ ካለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት ነው፤ የስድቡ ነገር ይደርሳል። (ራሱን ስቶ ከወደቀ ግን በአፉ ምንም አይደረግ፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጥ።) ቁጥሩ ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እንደማንኛውም ልጅ ይገሠጽ። ስኳር ስላለበት ብቻ የማይገሠጽ ልጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

ስለ መደበቅም ሳንናገር ማለፍ አንችልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለ ይተረታል፤ የስኳር ነገር ሲመጣ ግን ብዙ ቤት «ሆድ ይፍጀው» ይላል፤ ይልቁንም የታመመችው ሴት ልጅ ከሆነች፤ «ነገ ማን ያገባታል?» ይባላልና። ኤልሳቤጥ ሂዩዝ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ነበረች። በ1919 እ.ኤ.አ. በ11 ዓመቷ ታማ፣ በዶክተር አለን ረሃብ ሦስት ዓመት ቆይታ፣ 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ቀርታ ሳለ በኦገስት 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ድረስ ተወስዳ ከዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ ኢንሱሊን አገኘች፤ መድኃኒቱ ከተገኘ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ዳነች፤ አገባች፤ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ከ40 ሺህ የሚበልጥ መርፌ ተወግታ በ1981 እ.ኤ.አ. በ73 ዓመቷ ዐረፈች። ይህን ሁሉ ዘመን ግን ሕመሟን ከጥቂት የቅርብ ሰዎች በቀር ለማንም ሳትናገር ኖራለች፤ ከአባቷ ሰነዶች ውስጥ እንኳ ስለዚሁ የሚናገረውን አስወግዳለች።

እርሷን ለመውቀስ አይደለም። ምስጢሩ የራሷ ነበረ፤ የመረጠችውም ራሷ ናት። የእኛ ጥያቄ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ምስጢር የማን ነው የሚል ነው። እርሱ ሳይጠየቅ ቤተሰቡ ስለ ስሙ ብሎ የሚሰውረው ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው በእርሱ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ ነው። ደግሞም በክፍል ውስጥ ስኳሩ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ መምህሩ እንቅልፋም ብሎ ከጆሮው ያነሣው ይሆናል፤ የደበቁለት ሰዎች በዚያ ሰዓት አይገኙም። መንደሩ ሁሉ ይወቅ አንልም። መምህሩና አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ግን ይወቁ፤ በቦርሳው ያለችው ከረሜላ ለምን እንደ ሆነችም ይነገራቸው። የቀረውን ለማን እንደሚነግር ሲያድግ ራሱ ይመርጣል።

በጾም ወራት ይህ ነገር ይበልጥ ይታያል። ሁሉም ሰዓት ሲጠብቅ እርሱ መርፌውን ተወግቶ ጠዋት መብላት አለበት፤ ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ስኳሩን ያወርደዋልና። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ታሳርፋለች፤ ልጁን የማያሳርፈው «ዛሬም በላህ?» የሚለው የባልንጀራ ምላስ ነው። ጠበልን በተመለከተም፣ መጠመቅ መርፌን ለመተው ምክንያት ሲሆን የሚደርሰው ሞት ነው፤ ያለ ኢንሱሊን ይህ ዓይነቱ ሕመምተኛ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ነውና። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤድስ ሕሙማን በተናገሩ ጊዜ ጠበል የሚጠመቁት መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለስኳርም የሚሆነው ይኸው ነው።

የቀረው ኀዘኑ ነው። ጥፋተኛ ፍለጋው ሲቆም ኀዘኑ ይመጣል፤ ቤተሰቡም ለዚህ ቦታ ሊያዘጋጅለት ይገባል። እናት የምታለቅሰው ወጥ ቤት ነው፤ ጢሱ ያስለቀሳት ለመምሰል። አባት ዝም ብሎ ሥራ ያበዛል፤ ዝምታውም እንደ አለማዘን ይቆጠርበታል። ብዙ ዓመት ያለ ዕረፍት የሚቆይ ጥበቃ ሰውን ያደክማል፤ ድካሙም የእምነት ማነስ ወይም የፍቅር ማነስ አይደለም። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለዚህ ነገር ትኩረት የሰጡት ዘግይተው ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዊልያም ፖሎንስኪና ባልደረቦቻቸው ከስኳር ጋር መኖር በሕሙማኑ ላይ የሚያመጣውን የልብ ጭንቀት ብቻ የሚለካ መጠይቅ አሳተሙ። በእኛ አገር አንዲት እናት ልጇን ለክትትል ስታመጣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ወረቀትም ገንዘብም አይፈልግም።

ከሁሉ የሚረሱት ጤነኞቹ ልጆች ናቸው። ጤነኛ መሆናቸው ዕዳ ይሆንባቸዋል፤ ከረሜላ በልተው ወረቀቱን ይደብቃሉ፤ ሲታመሙም ሕመማቸው ትንሽ ስለ ሆነ አይናገሩም። በምናውቀው አንድ ቤት የስድስት ዓመቱ ታናሽ «እማዬ፣ እኔስ ስኳር የሚይዘኝ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቱ የፈራ መስሏት «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አንተን አይይዝህም» አለችው። ልጁም አለቀሰ። ለካ የጠየቀው በጉጉት ኖሯል፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ግንባሩን የሚዳስሱለት ወንድሙን ብቻ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እርሱን ብቻ ይዛ ገበያ ትወርዳለች። በዚያን ቀን መርፌውን የሚወጋው አባት ነው፤ መውጋት የተማረውም በዚሁ ምክንያት ነው።